ሲንጀሩ ዝም ሲል

አዳማ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋው፣ የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ሲንጀር ድንገት ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር። ክር ተበጥሶባቸው አይደለም። በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ እየተረከ ነው። ጋሼ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ ታሪኩ የሚካሄድበትን ጎጃምን በእግራቸው አልረገጡም። የልቦለዱ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ግን መቀሱን ያስቀምጡ ነበር።

ዛሬ ያንኑ ትረካ በስልኬ እየደጋገምኩ እሰማለሁ። «አለ» ወይም «አለች» ሳይባል ማን እንደተናገረ አውቃለሁ። የፊታውራሪ ድምፅ ከአጥንት ቆጠራቸው ጋር አብሮ ያብጣል፤ ሌላው ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ ሲመጣ ያው ጉሮሮ የሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ መንደር ሙሉ ሰው ያናግራል!

ጽሑፉም ለዚህ የተመቸ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ይዘው አልጀመሩም። መጀመሪያ ማንኩሳ ወስደው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጋር ያስቀምጡናል። ቦጋለ ቅጥር ሠራተኛ ነው፤ ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የሚፈራት ሴት ናት። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል፤ እኔ ግን የመጽሐፉ ስፌት የተጀመረው እዚህ ነው እላለሁ። በኋላ በዛብህን ከሰብለ ወንጌል የሚከለክለው የአባቷ የፊታውራሪ ኩራት ብቻ አይደለም፤ የወላጆቹ ስለትም አለ። ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር የሰጡት ሞቱን ፈርተው፣ በፍቅር ነው። ያች የፍርሃት ቋጠሮ ዓመታት ቆይታ፣ ልጁ ሰብለን ሊያስተምር በገባበት ቤት፣ አንገቱ ላይ ትጠብቃለች። የሚከለክለው ክፉ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ልቤ እንዲህ ባልተሰነጠቀ ነበር።

ያኔ በሬዲዮ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ የወጣች ዕለት፣ አንዲት ደንበኛ የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጣች። ጋሼ ቀና ሳይሉ በእጃቸው በርጩማውን አሳዩዋት። ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። እጅጌው ሳይገጠም፣ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ፣ ሁለቱም እስኪያልቅ አዳመጡ።