«አይሞላም» እና «አይዝም»፦ ስለ ሞተር ብስክሌት ጥገና ቃላት

በጥገና መመሪያዎች ትርጉም ውስጥ «ባትሪው አይሞላም» የሚለው አነጋገር እንደ በቂ ስያሜ ሲሠራበት ይታያል። በእኛ አስተያየት አነጋገሩ ሁለት ጉድለቶችን ያደበላልቃል። «ሞላ» ተሻጋሪም ኢተሻጋሪም ግስ በመሆኑ፣ «ባትሪው አይሞላም» እና «ባትሪውን አይሞላም» የሚለያዩት በተሳቢ አመልካቿ «ን» ብቻ ነው። የፊተኛው ባትሪውን፣ የኋለኛው ዲናሞውን ይከሳል። ተርጓሚው ይህችን ፊደል ሲዘነጋ፣ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ከወንዛዬ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ሰው ደኅናውን ባትሪ ጥሎ ሌላ ይገዛል።

ልዩነቱ በመለኪያ ይረጋገጣል። ደኅና የሆነና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ንባቡ ወደ 14 ካላሻቀበ ጥፋቱ በቅድሚያ በዲናሞው፣ በመቆጣጠሪያው ወይም በሽቦው ይፈለጋል። ካሻቀበና ባትሪው ከሽቦው ተነጥሎ አድሮ ከደከመ ግን መካኒኩ «አይዝም» ይላል። የጋራዡ ቃል ከመመሪያው ቃል የጠራ ነው፤ በመዝገበ ቃላት ራሱን ችሎ ሊፈታ ይገባዋል።

«ዲናሞ» በጥብቅ ትርጉሙ ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ያለው ግን ተለዋዋጭ ጅረት ያመነጫል። ቢሆንም ቃሉ ሥር ሰዷልና መንቀሉን አንደግፍም። ጅረቱን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውን ሬክቲፋየር ግን «አቃኚ» ብንለው (ከ«አቃና» የወጣ ነውና ከ«አቅኚ» ጋር እንዳይምታታ) ለአንባቢው ሥራውን ይነግረዋል።