የቡሹ ልክ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ሐይቅ ማለት አንድም የእስጢፋኖስ ገዳም፣ አንድም የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ነው። እኔ የማደንቀው ግን ከመጥበሻው በፊት ያለውን ልኬት ነው። የሐይቁ ጥልቀት 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ቆሮሶ ግን ሞቅ ያለውን የዳር ውሃ ይመርጣል። ስለዚህ አጥማጁ የዳሩን ጥልቀት ለመለካት መጀመሪያ ክሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ማስጠም የሚችል እርሳስ መንጠቆው ላይ አስሮ ይወረውራል። ቡሹ ከሰጠመ ክሩ አጥሯል፤ ቡሹን ወደ ላይ ያንሸራትተዋል። ቡሹ በጎኑ ከተጋደመ ክሩ ረዝሟል። ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ቀጥ ሲል ልኩ ተገኘ። ከዚያ ከባዱን እርሳስ ፈትቶ፣ መንጠቆው ከጭቃው አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል ቡሹን ዝቅ ያደርጋል። በባትሪ የሚሠራ መለኪያም አለ አሉ፤ ለዳር ውሃ ግን ቅንጦት ይመስለኛል።