የቤት ውስጥ የግፊት መዝገብ

የደም ግፊትን ቤት ውስጥ እየለኩ መመዝገብ ምስጋና የሚገባው ልማድ ነው። ግፊት በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ቡና፣ ንዴት፣ ሐኪም ፊት መቅረብ እንኳ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ልኬት ብቻውን ያሳስታል፤ የብዙ ቀናት አማካይ ግን እውነቱን ያሳያል።

አሠራሩም ቀላል ነው፦ 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አድርጎ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት መለካት። የመጀመሪያውን ቀን ትቶ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ለየብቻ ደምሮ በልኬቶቹ ብዛት ማካፈል። በአውሮፓ መመሪያ የቤት አማካይ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ከፍተኛ ግፊት ይባላል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ለሐኪሙ ታማኝ ምስክር ነው። መለኪያ ካለዎት ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ መድኃኒትዎን ግን ያለ ሐኪም ምክር አይለውጡ።