ለክራርና ለበገና ፒክአፕ ስለ መምረጥ

ክራር፣ በገናና መሰንቆ ሦስቱም ውስጠ ባዶ የአውታር መሣሪያዎች ናቸው። አውታሩ ሲነካ የሚፈጠረው ደካማ ንዝረት በድልድዩ በኩል ወደ ቆዳው ይተላለፋል፤ ቆዳውና በውስጡ የታቀፈው አየርም አጉልተው ወደ ጆሮ ያደርሱታል። ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ለድምፅ ማጉያ የሚያቀብለው ትንሽ ዕቃ በሙዚቀኞች ዘንድ ፒክአፕ ይባላል። ወጥ እንጨት በሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የድምፁን ጠባይ በአብዛኛው የሚወስኑት ፒክአፑና ማጉያው ሲሆኑ፣ ውስጠ ባዶ በሆነ መሣሪያ ላይ ግን ፒክአፑ የሚገጠመው አስቀድሞ የራሱ የተሟላ ድምፅ ባለው አካል ላይ ስለሆነ፣ የመራጩ ተቀዳሚ ግዴታ ያንን ድምፅ ሳያዛባ ማድረስ ነው።

የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሰላ ድንጋይ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር ጉዳዩ ከመድረክ ሙዚቀኛ ባሻገር ለመንፈሳዊው ደርዳሪም ይሠራል። በገና በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር፣ ከዝማሬው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ በቅርብ እንዲሰማ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ በአዳራሽና በዐውደ ምሕረት ለብዙ ሰው ሲቀርብ ግን ያለ ማጉያ አይደርስም። ማይክሮፎን ከፊት ማቆም ቀላሉ መፍትሔ ቢሆንም፣ ማይክሮፎኑ የደርዳሪውን ድምፅ፣ የሕዝቡን ሹክሹክታና የደጋውን ነፋስ አብሮ ስለሚያነሣ፣ በሰርግ ድንኳን ደግሞ ክራሩ ከኪቦርድና ከድራም ጋር ስለሚጋፋ፣ ፒክአፕ መፈለጉ አይቀሬ ይሆናል።

ምርጫው ከአውታሩ ይጀምራል። ማግኔታዊ ፒክአፕ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ሲሆን፣ ከበላዩ የብረት አውታር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፤ ከዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በጊታር ላይ ተግባራዊ ሆነ፤ የጊብሰን ኩባንያም በ1936 ኢኤስ-150 በተባለው ውስጠ ባዶ ጊታሩ ላይ ገጠመው። አሠራሩ የሚያውቀው ግን ብረትን ብቻ ነው። የበገና አውታር ከጅማት፣ አሁን አሁንም ከናይለን፣ የመሰንቆ አውታር ደግሞ ከፈረስ ጭራ ስለሚሠራ፣ ማግኔታዊ ፒክአፕ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን በእነዚህ ላይ አይሠራም። ለእነሱ የሚስማማው ፒየዞ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህም ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ባስመዘገቡት ግኝት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ በማመንጨታቸው ላይ የተመሠረተ ሆኖ፣ የሚሰማው የአካሉን ንዝረት ስለሆነ አውታሩ ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም።

የብረት አውታር ለተወጠረበት ክራር ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው። ማግኔታዊውን የመረጠ ሠሪ ግን ሦስት ነገሮችን ማጤን ይኖርበታል። አንደኛው የአውታሮቹ አቀማመጥ ነው፤ የጊታር ፒክአፕ በየአውታሩ ሥር አንዳንድ የብረት ጫፍ አሰልፎ ለስድስት ትይዩ አውታሮች የተሠራ ሲሆን፣ የክራር አውታሮች ከድልድዩ ወደ ቀንበሩ እየተራራቁ ስለሚወጡ፣ በነጠላ ጫፎች ፋንታ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ያለው ፒክአፕ ይሻላል። ሁለተኛው ክብደት ነው፤ ማግኔትና መዳብ የተሸከመ ዕቃ በቆዳው ላይ በቀጥታ ቢጣበቅ የቆዳውን ንዝረት ስለሚያፍን፣ ከቆዳው ሳይነካካ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በተጋደመ ቀጭን እንጨት ላይ መታሰር አለበት። ሦስተኛው ጉርምርምታ ነው፤ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጉርምርምታ ይስባል። ይህን ችግር የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማጣመር ያቃለለው ሲሆን፣ ሀምበከር የተባለው ይህ ዓይነት የመብራት መስመሩ ባልተስተካከለበት ድንኳን ተመራጭ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የበገና ጉዳይ ነው። የበገና ልዩ ድምፅ የሚወለደው በአውታሩና በርኩማ በሚባለው ድልድይ መካከል ከሚሰኩት እንዚራ ከሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው፤ አውታሩ እንዚራውን እየነካ ሲነዝር መሠረታዊው ዝቅተኛ ድምፅ በብዙ ከፍተኛ ድምፆች ይታጀባል፣ የበገና ግርማም ይህ ነዛሪነቱ ነው። ፒየዞው በበርኩማው ላይ ከተጣበቀ ይህን ነዛሪነት ከመጠን በላይ አጉልቶ ድምፁን ሻካራ ያደርገዋል፤ ገበቴ ከሚባለው የድምፅ ሣጥን ጀርባ እንጨት ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ከበርኩማው እግር አንድ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ በቆዳው ላይ ቦታውን ጥቂት በጥቂት እየለዋወጡ መሞከር፣ በየሙከራውም ከማጉያው የሚወጣውን ድምፅ ከደርዳሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚሰማው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ፒክአፑ የሚወቀስበት ድክመት የሚመጣው ከግንኙነቱ ነው። 27 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የተለመደ የፒየዞ ክብ 20 ናኖፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም አለው። ይህ ክብ የመግቢያ ተቃውሞው 10 ሺህ ኦም ከሆነ ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል፤ የበገና መሠረታዊ ድምፆች በሙሉ ደግሞ ከዚህ በታች ናቸው። መካከል ላይ የመግቢያ ተቃውሞው 1 ሚሊዮን ኦም የሆነ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ሲገባ ወሰኑ ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ የተሰወረው ወፍራም ድምፅም ይመለሳል። በመሆኑም ገንዘቡ ውስን ለሆነ ደርዳሪ ርካሽ ፒየዞ ከጥሩ ፕሪአምፕ ጋር፣ ውድ ፒየዞን ያለ ፕሪአምፕ ከመግዛት ይበልጣል።

ሌላው ፈተና ፊድባክ ነው፤ ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ቆዳውን ሲያነዝርና ፒክአፑ እንደገና ሲቀበለው የሚነሣው ጩኸት ማለት ነው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ኢኤስ-335 ጊታር ሆድ ውስጥ ወጥ የእንጨት ግንድ በመክተት ይህን ተከላክሏል። የክራርንና የበገናን ሆድ በጨርቅ ወይም በእንጨት መሙላት ግን ድምፃቸውን ማጥፋት ስለሚሆን፣ ማጉያውን ከደርዳሪው ፊት ራቅ አድርጎ ወደ ሕዝቡ ማዞርና የሚጮኸውን አንድ ድምፅ ብቻ በሚክሰሩ መቀነስ ይመረጣል። ቆዳ በክረምት እርጥበት እየላላ፣ በበጋ ድርቀት እየተወጠረ ስለሚሄድ፣ የሚጮኸው ድምፅ ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ ሚዛኑም በየዝግጅቱ እንደገና መፈተሽ አለበት።

ክራርን ከዘመኑ መሣሪያ ጋር የማጣጣም ጥረት በአገር ልጆች ዘንድ አዲስ አይደለም፤ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበረበት ወቅት የአገር ባህል መሣሪያዎችን በማዘመን ላይ ሠርቷል፣ የኤምአይቲን ባለሙያዎችም ስለ ዘመናዊ ክራር አማክሯል። በየአካባቢው ያለው ሠሪ የዚህ ሥራ ተካፋይ ሊሆን የሚችለው አሮጌን በገና ባለመብሳት፣ ፒክአፑንም ሊነሣ በሚችል ስስ ማጣበቂያ ወይም በማሰሪያ ብቻ በመግጠም ነው፤ በገበቴ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ አይመለስምና። እንግዲህ መራጩ አስቀድሞ አውታሩን ይመርምር፣ ቀጥሎ የቆዳውን ድምፅ ያለ ማጉያ ደጋግሞ ያዳምጥ፣ ከዚያ ፕሪአምፑን ያሟላ፣ ፒክአፑንም በመጨረሻ ይግዛ። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም እንኳ በገናን ከጊታር የማይለይ ፒክአፕ ለበገና አይሆንም።