አርብ ብቻ የሚገኘው ፍጡር

ፖኬሞን ጎልድ እና ሲልቨር በተባሉት የቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ላፕራስ የተባለችው ፍጡር የምትገኘው አርብ ቀን ብቻ ነው። ዩኒየን በሚባለው ዋሻ ታችኛው ወለል፣ ውሃው ላይ ትታያለች። ሐሙስ የሄደ አያገኛትም፤ ቅዳሜ የደረሰም አምልጣዋለች። አርቡ ደግሞ ጌሙ ለራሱ የፈጠረው ቀን አይደለም። ካሴቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ጌሙ ጠፍቶ እንኳ ሰዓት ትቆጥራለችና የተጫዋቹ የራሱ አርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለጌም ቦይ የወጣው ይህ ሥራ ዛሬም ሊጠና ይገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርቅ ነገር የሚገኘው በዕድል ብቻ ሳይሆን በማወቅ እንዲሆን ከልቡ ጥሯል።

ከእሱ የቀደሙት የ1996ቱ ጌሞች ብርቅነትን በአብዛኛው በመቶኛ ነበር የሚለኩት። ፒካቹ ቪሪዲያን ጫካ ውስጥ የሚያጋጥመው ከመቶ አምስት ጊዜ ነው፤ ተጫዋቹ እስኪመጣ ድረስ ሣሩ ውስጥ ከመመላለስ ሌላ የሚያደርገው የለም። ጎልድ እና ሲልቨር መቶኛውን አልጣሉትም፤ ጊዜንና ቦታን ጨመሩበት። ጉጉት መሳዩ ሁትሁት ሲመሽ ይወጣል። ደንስፓርስ በጨለማው ዋሻ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ተዋውቆ ስልክ የተለዋወጠ አንድ ተራራ ወጪ አንዳንድ ቀን ደውሎ ዛሬ በብዛት መጥተዋል ይላል። ሄራክሮስን የፈለገ ፖኬሞኑን ዛፍ በግንባሩ ማስመታት አለበት፤ የትኛው ዛፍ ብርቁን እንደሚያራግፍ የሚወሰነው ደግሞ በተጫዋቹ መለያ ቁጥር ስለሆነ የጓደኛ ዛፍ ለሌላው አይሠራም።

የፖኬሞን ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ነፍሳት ሲያድን ያደገ ሰው ነው። ጥንዚዛ የሚያድን ልጅ የትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያዋጣ ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት ከሁሉም የፖኬሞን ሥራዎች ይልቅ እዚህ ጎልቶ ይታየኛል። በናሽናል ፓርክ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የነፍሳት ማደን ውድድር አለ፤ ሃያ ደቂቃና ሃያ የማጥመጃ ኳስ ይሰጣል፤ የሚቆጠረው የተያዘው ብዛት ሳይሆን ለዳኞቹ የሚቀርበው አንዱ ነፍሳት ነው።

ሥራው ከፍታው ላይ የሚደርሰው ግን ሦስቱ አራዊት ጋ ነው። ኤክሩቲክ ከተማ፣ በተቃጠለው ግንብ ምድር ቤት፣ ራይኩ፣ ኤንቴይ እና ስዊኩን ይገኛሉ። ተጫዋቹ ሲጠጋ ተፈትልከው ይበተናሉ፤ ከዚያ በኋላ ማደሪያ የላቸውም፤ ጌሙ የሚካሄድበትን የጆቶ ክልል በሙሉ ከመንገድ መንገድ ይዞራሉ። ቢገጥሙ እንኳ ተራቸው ሲደርስ ይሸሻሉ። በመጀመሪያ ሲታይ ጭካኔ ይመስላል። ሆኖም አንዴ የታየ አውሬ ያለበትን መንገድ የተጫዋቹ ካርታ ያሳያል፤ በአንዱ ግጥሚያ የደረሰበት ጉዳትም እስከሚቀጥለው አይድንም። ስለዚህ ያመለጠው አውሬ ተዳክሞ ነው ያመለጠው፤ የባከነ ግጥሚያ የለም።

እየቆየ የአካሄዳቸው ሥርዓት ይገለጣል። ተጫዋቹ ከአንድ መንገድ ወደ ሌላው ሲሻገር እነሱም ይሻገራሉ፤ በርሮ ከተጓዘ ግን ጨርሶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዘላሉ፤ ስለዚህ የሚያዋጣው በእግር ሄዶ ድንበር ላይ መመላለስ ነው። ሪፔል የተባለው መድኃኒት ከፊት ከተሰለፈው ፖኬሞን በደረጃ የሚያንሱትን ያርቃል። ሦስቱ 40ኛ ደረጃ ላይ ስለሆኑ፣ 39ኛ ደረጃ ላይ ያለ ፖኬሞን ያስቀደመ ሰው ተራ ፍጡራኑን አርቆ እነሱን ብቻ ያስቀራል። ይህን ያህል ተለፍቶ አውሬው በስህተት ከተሸነፈ ተመልሶ አይመጣም። አዳኙን እንዲህ የሚያስተምር፣ እንዲህም የሚያስጠነቅቅ ሌላ ጌም ብዙ አላውቅም።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከባድም ነው። ጌሞቹ መቶ አዳዲስ ፍጡራን ይዘው ወጥተው ሳለ የጆቶ ሣር በቀድሞዎቹ ፒጂና ራታታ ተሞልቷል። ከአዲሶቹ ሃውንዳወርና መርክሮው በሌሊት፣ የቀድሞዎቹ ጌሞች ክልል በሆነው ካንቶ ውስጥ ብቻ ይገኛሉ፤ ካንቶ የሚገባው ደግሞ ሻምፒዮኑ ከተሸነፈ በኋላ ነው። ላርቪታርን የያዘው የሲልቨር ተራራ አሥራ ስድስቱን የድል ባጅ ይጠይቃል፤ ላርቪታር ታይራኒታር ለመሆን 55ኛ ደረጃ መድረስ አለበት፤ ያኔ የቀረ ተጋጣሚ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ተጫዋቹ የሚማረው ነገር የለም፤ አዲሶቹ ፍጡራን ከፊቱ ተነጥቀው ዘግይተው ነው የተሰጡት።

ቀለማቸው የተለየውን፣ ተጫዋቾች ሻይኒ የሚሏቸውን፣ ያስተዋወቁትም እነዚህ ጌሞች ናቸው። እያንዳንዱ ፍጡር ከ0 እስከ 15 የሚደርሱ የተደበቁ ቁጥሮች አሉት፤ ሦስቱ በትክክል 10 ከሆኑና አራተኛው ከተወሰኑ ስምንት ቁጥሮች አንዱ ላይ ካረፈ ቀለሙ ይለወጣል፤ ዕድሉ ከ8192 አንድ ነው። ሜዳ ላይ የሚፈልገው ሰው ሰዓት ቢያውቅ፣ ዛፍ ቢመርጥ ምንም አይጠቅመውም። ተከታዮቹ ጌሞች አብዝተው የወረሱት ግን ይህንኑ ነው፤ በ2013 ዕድሉ ከፍ ብሎ ከ4096 አንድ ቢሆንም ያው ሎተሪ ነው። ጎልድ እና ሲልቨር የተሻለውን መንገድ እዚያው አሳይተው ነበር። በሬጅ ሐይቅ ላይ ያለው ቀይ ጋያራዶስ ለሁሉም ተጫዋች ይወጣል፤ የጌሙ ወንጀለኞች የሆነው የሮኬት ቡድን በሬዲዮ ሞገድ በግድ ስላሳደገው ነው ቀለሙ የተለየው። ስንት ሰው አየው ሳይሆን ምን ተደረገበት የሚለው ነው ብርቅ ያደረገው።

ሰዓቱን የምትቆጥረው ባትሪ የተጠራቀመውን ጨዋታም የያዘች ናት፤ በሰዓቱ ምክንያት ከቀደሙት ካሴቶች ቶሎ ታልቃለች፤ ስታልቅ አርቡም የተያዙት ፍጡራንም አብረው ይጠፋሉ። በ2017 ለ3ዲኤስ በዲጂታል የተለቀቀው ቅጂ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ የሚሸጥበት መደብር ግን በመጋቢት 2023 ለግዢ ተዘጋ። አሮጌውን ካሴት የሚገዛ ሰው ባትሪው ተቀይሮ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በብየዳ የተያያዘ ነውና መቀየሩ ባለሙያ ይፈልጋል።