የኖትር ዳም ኦርጋንና ያልተደገመው ቅኔ

«ኦርጋን» ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና ቀድሞ የሚደቀነው ከዘፋኝ ጀርባ የሚቆመው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። የፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል ታላቅ ኦርጋን ግን ከዚያ ጋር ስም እንጂ ግብር አይጋራም። አሪስቲድ ካቫዬ ኮል እ.ኤ.አ. በ1868 እንደ አዲስ ያደራጀው ይህ መሣሪያ 8,000 ያህል ቧንቧዎችና 5 የእጅ ቁልፍ ረድፎች አሉት። ድምፁ ከነፋስ ይወለዳል፤ ሙላቱን የሚያገኘው ግን ከሕንጻው ጣሪያና ግድግዳ በሚመለሰው ገደል ማሚቶ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ካቴድራሉ ሲቃጠል ኦርጋኑ ከእሳቱ ቢተርፍም የእርሳስ ትቢያ ለበሰ። ተፈታ፣ ጸዳ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ካቴድራሉ ዳግም ሲከፈት ሊቀ ጳጳሱ ሎራን ኡልሪሽ ኦርጋኑን እንደ ሰው እየጠሩ ስምንት ጊዜ አነጋገሩት፤ አራት ተጫዋቾችም እየተፈራረቁ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ዜማ በቅጽበት እየፈጠሩ መለሱላቸው። የለመዱትን ጣዕመ ዜማ ሲጠብቁ የተጋጨና የሻከረ ድምፅ የሰሙ አድማጮች ቅር መሰኘታቸው አልቀረም።

ለቅኔ ቤት ሰው ግን ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ባለቅኔ ለዕለቱ በዓል አዲስ ቅኔ ያቀርባል እንጂ የትናንቱን አይደግምም፤ የሌላውን መድገምማ ነውር ነው። በኖትር ዳምም እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1984 ያገለገለውን ፒየር ኮሽሮን ያስመሰገነው ይኸው ከቅጽበት የሚፈልቅ የፈጠራ ችሎታ ነበር። እንግዲህ ተጫዋቾቹ ሥርዓቱን አልጣሱም፤ ጠበቁት እንጂ።

ቅሬታው ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ቅኔ ነጻነቱን የሚያገኘው በልክ ውስጥ ነው፤ ጉባኤ ቃና በ2 ቤት፣ መወድስ በ8 ቤት ይገታል፤ ሰሚውም ልኩን ስለሚያውቅ ምሥጢሩን ይከተላል። የዚያ ምሽት መልሶች እጅግ አጫጭር ስለነበሩ አንዱ ሐሳብ ሳይበስል ቀጣዩ ጥሪ ይደርስበታል፤ አድማጭ የሚይዘው ልጓም አጣ። በቴሌቪዥን የተከታተልነው ደግሞ ድምፁን የሚያስማማውን የሕንጻውን ማሚቶ ተነፍገናል፤ በዚያ ሰፊ አዳራሽ የሚዋሐደው በትንሽ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ጠብ ይመስላል።

ያም ሆኖ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ዝም ያለ ኦርጋን አፉን ሲከፍት የቀድሞውን ብቻ ቢደግም ኖሮ፣ ተጠግኖ መመለሱን እንጂ ሕያውነቱን ባላወቅን ነበር።