የማዕድናት ስያሜና የገላጭ ቃል ወሰን

ለማናቸውም የውጭ ሳይንሳዊ ስያሜ ባሕርይን የሚገልጽ የአማርኛ አቻ ይበጅለት የሚለው አስተያየት ቅንነቱ ባይነቀፍም፣ በማዕድናት ስም ላይ ሲውል ያሳስታል። ለዚህም በርማ ውስጥ በሞጎክ የተገኘው ብርቅ ማዕድን ፔይናይት ማስረጃ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. በአርተር ፔይን ስም ሲሰየም የቀረበው ቀመር ሲሊኮንን ያስገባ፣ ዚርኮኒየምን ግን የሳተ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ሙርና አራኪ የክሪስታሉን አወቃቀር መርምረው የካልሲየም፣ የዚርኮኒየምና የአሉሚኒየም ቦሬት መሆኑን አረጋገጡ። በመጀመሪያው ቀመር ላይ የተመሠረተ ገላጭ ስም ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ በ19 ዓመት ውስጥ ሐሰት በሆነ ነበር። «ቀይ ድንጋይ» ቢባልም ከዚያው ከሞጎክ ከሚወጣው ሩቢ አይለይም።

እንግዲህ የዝርያው ስም እንዳለ ይወሰድ፤ ማብራሪያው በመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ውስጥ ይግባ። ጥንቃቄ የሚሻው የመደቡ ስም ነው። «ቦሬት» ቦሮን ከኦክሲጅን ጋር የተጣመረበት ሲሆን፣ «ቦራይድ» ግን ቦሮን ከብረታ ብረት ጋር ያለ ኦክሲጅን የሚዋሐድበት ነው። ሁለቱን «የቦሮን ውሁድ» ብሎ መጠቅለል ለተርጓሚው ቢቀለውም፣ ለአንባቢው የመደቡን ልዩነት ያጠፋበታል።